የለቀቀ ፎርማን ይዞት የሄደውን እውቀት እንዴት ነው የምናስቀረው?

ካናል_በር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የምሠራው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ላይ ነው። ስሙ ይቅር። ቆጋ እንዳትሉኝ፣ ቆጋ 7 ሺህ ሄክታር የሚያጠጣ ነው፣ የእኛ አጠገቡም አይደርስ። ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ዘንድሮ የገጠመንን ልንገራችሁ። ዋልካ መሬት ላይ የሚያልፍ ሴኮንደሪ ካናል ቆፈርን፣ ኮንክሪት አለበስነው፣ ጥር ላይ ፎቶ ተነስተን ጨረስን። ሚያዝያ ላይ ሄጄ ሳይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ወደ 300 ሜትር በሚሆን ርዝመት እዚህም እዚያም ነው። ኮንትራክተሩ "ዲዛይኑ ነው" ይላል፣ አማካሪው "አሠራሩ ነው" ይላል፣ እኛ መሃል ቆመን ደብዳቤ እናመላልሳለን። እንዲህ እያልን ሳለ የሳይቱ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ "ይኸማ ያን ጊዜም ሆኖ የለም እንዴ?" አሉ። ያን ጊዜ ማለት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲሠራ ነው፣ የዛሬ አምስት ዓመት። እኔ ያኔ ሌላ ሳይት ነበርኩ።

ሄጄ የማጠቃለያ ሪፖርቱን አወጣሁ። ሁለት ጥራዝ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ አቧራው ብቻ አንድ ኪሎ ይሆናል። ስለ ስንጥቁ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአፈሩ ባሕርይ ምክንያት በአንዳንድ ቦታዎች የታየው መሰንጠቅ ተገቢው ማስተካከያ ተደርጎበታል ይላል። በቃ። ምን ዓይነት ማስተካከያ? ማን አደረገው? የት ቦታ? ዝም።

የያኔውን ፎርማን ስልክ ከሰው ሰው ጠይቄ አገኘሁት። አሁን ደቡብ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነው። ነገሩን ተናግሬ ሳልጨርስ "ቆፍራችሁ ስንት ቀን ተዋችሁት?" አለኝ። ወደ አሥራ ሁለት ቀን አልኩት። ሳቀ። "ደርቆ ጠብቋችኋላ! ዋልካ እኮ ፀሐይ ሲያገኝ ይሰበሰባል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። የመጨረሻዋን 30 ሳንቲ ሳትነኩ ተዉአት። ኮንክሪቱ በሚመጣበት ጠዋት ቁረጡና እርጥበቱ ሳይለቀው አልብሱት። ክፉ ክፉ ቦታው ላይ ደግሞ ዋልካውን አውጥታችሁ የማያብጥ አፈር መልሱበት። ያን ጊዜ ከየት እንዳመጣነው እዚያ ብሆን አሳይህ ነበር።" ስምንት ደቂቃ ነው ያወራነው። ሁለቱ ጥራዝ ያልነገረኝን በስምንት ደቂቃ ነገረኝ።

ይህን ለሥራ አስኪያጃችን ብነግራቸው "የእውቀት አስተዳደር ሥርዓት ይዘርጋ" አሉ። ኃላፊው ማን ሆነ? እኔ። በኤክሴል ቅጽ አዘጋጀሁ። የገጠመ ችግር፣ መንስኤ፣ የተወሰደ መፍትሔ፣ የተገኘ ትምህርት የሚል። በቴሌግራም ግሩፓችን ለቀቅሁት። በሁለት ወር ሦስት ሰው ሞላው። አንዱ እኔ ነኝ። አንዱ "ምንም ችግር አልገጠመኝም" ብሎ ፈርሟል። ሦስተኛው ስለ መኪና እጥረት አቤቱታ ጽፎበታል።

እና ውስብስብ የቴክኒክ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሰው ሲለቅ እውቀቱን ለማስቀረት በእውነት የሠራላችሁ ነገር አለ? የሥልጠና ሰነድ አትላኩልኝ፣ ሞልቶናል። የሠራውን ወይም የከሸፈውን ንገሩኝ።


በረሃ_ወራጅ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቅጹን አጥፋው። እየቀለድኩ አይደለም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ላይ ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን በረሃ ስንት ክረምት እንደወረድኩት እኔና ጉልበቴ ነን የምናውቀው። እዚያ መሬቱ ራሱ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ዳገቱ ውሃ ይጠጣና ይንሸራተታል፣ አስፋልቱ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ይሸበሸባል። ጃፓኖች የሕዳሴን ድልድይ ከሠሩልን በኋላ የመንሸራተቱንም ነገር ከእኛ የጂኦሎጂ ሰዎች ጋር ሆነው አጥንተውታል፣ መሣሪያ ተክለው መሬቱ ስንት እንደሄደ ይለኩ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ግን ስንጥቁን መጀመሪያ የሚያየው ቦዩን የሚጠርገው የቀን ሠራተኛ ነው። "ትናንት እዚህ ጋ እግሬ አይገባም ነበር፣ ዛሬ ገባ" ይልሃል። ይህን ሰው "መንስኤ" የሚል ሳጥን ሙላ ልትለው ነው?

የፎቶ ኮፒ ማሽን ሠሪዎቹ ዜሮክሶች ላይ የደረሰው ነገር ላንተ ይሆንሃል። ጠጋኞቻቸው ወፍራም መመሪያ ነበራቸው፣ ይህ ኮድ ከመጣ ይህን ፍታ የሚል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጁልያን ኦር የሚባል አንትሮፖሎጂስት አብሯቸው እየዞረ ሥራቸውን አጠና። ያገኘው ምንድን ነው? ቀላሉን ብልሽት በመመሪያው ይፈቱታል፣ ከባዱን ግን ቁርስና ምሳ ላይ ተሰብስበው በሚያወሩት ወሬ ነው የሚፈቱት። አንዱ "አንዲት ማሽን አስቸግራኝ ነበር" ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው "የኔዋም እንደዚያው" ይላል፣ መድኃኒቱ እዚያ መሃል ይወጣል። አለቆቻቸው ቢያዩ ሥራ ፈቶች ነበር የሚሏቸው።

ኩባንያው በኋላ ነቃ። ዩሬካ የሚባል ነገር ሠሩ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው የተጀመረው። ጠጋኙ ያገኛትን ዘዴ ይጽፋል፣ ሌሎች ጠጋኞች አይተው ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ ከነስሙ ለሁሉም ትደርሳለች። ሽልማቱ ብር አልነበረም፣ ስሙ ነው። አሁን ያንተን ቅጽ ተመልከተው። የዚያ ፎርማን ስም የት ነው የሚጻፈው?


ርክክብ_ቀረ

ሁላችሁም የዋህ ናችሁ።

"ሙያ በልብ ነው" እየተባለ ያደገ ሰው ለምን ይነግርሃል? አያቶቻችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየሰደቡ ነው የኖሩት። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የተሰደበ ሰው ያለው ንብረት እጁ ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ከቤቱ አያወጣውም። ለልጁ ያስተምራል፣ አለቀ። የዛሬው ፎርማንም ያው ነው። ቀጣዩን ውል የሚያገኘው ሌላው የማያውቀውን ስለሚያውቅ ነው። ነግሮህ ቢሄድ ምን ሊያገኝ? የምስጋና ወረቀት?

ደግሞ የኮንስትራክሽንን አሠራር እናውቀዋለን። ባለቤት፣ አማካሪ፣ ኮንትራክተር። ሥራው ሲያልቅ ሦስቱም ይበተናሉ። የዋስትናው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ እሱ ሲያልቅ ኮንትራክተሩ ሪቴንሽኑን፣ ከክፍያው ለዋስትና የተያዘበትን ብር፣ ተቀብሎ ውልቅ ይላል። ከኋላው የሚተወው አዝ ቢልት ድሮዊንግ ነው፣ እንደተሠራው ተብሎ የሚሣለው። ስንቱ አዝ ቢልት የዲዛይኑ ድሮዊንግ ራሱ ርዕሱ ተቀይሮ እንደሆነ ልንገርህ? እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ልጅ እግር ሆኜ፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ "ቶሎ በል፣ ክፍያው ዛሬ ይገባል" እያለኝ። ካናሉ ሳይት ላይ በአራት ሜትር ዞሯል፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

በሀብታም አገርም ድሮዊንጉ ብቻውን አያድንም። አፖሎን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሳተርን አምስት ሮኬት ኤፍ ዋን የሚባሉ አምስት ሞተሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. 2013 አካባቢ የናሳ ወጣት መሃንዲሶች ስለሞተሩ ማወቅ ፈልገው ወረቀቱን ቢያገላብጡ አልበቃቸውም። ለምን ቢባል እያንዳንዱ ሞተር በእጅ የተሠራ ነው፣ በያዡና ሠራተኛው ቦታው ላይ ያስተካከሏት ነገር ወረቀት ላይ አልሰፈረችም። ሰዎቹ ደግሞ ወይ አርጅተዋል ወይ ሞተዋል። ምን አደረጉ? የተረፈ ሞተር ፈትተው እንደገና ተማሩ። አንተ ቢያንስ ፎርማንህ በሕይወት አለ፣ ስልኩም ይሠራል።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው። ክፈል። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው፣ የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ፣ ውስጥ አስገባው። የነባሩ ፎርማንና ሰርቬየር አሥር ቀን፣ ለአዲሱ ቡድን ቦታውን በእግር ማሳየት፣ ዋጋው ይህን ያህል ብለህ። አይተም ቁጥር ያለው ነገር ይሠራል። ቁጥር የሌለው ስብከት ነው።


ዕጣነ_ሞገር

የርክክብ ቀረ ንግግር ስለ ክፍያው ልክ ነው። "ሙያ በልብ ነው" ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ የሚኖርበት ቤት ስላለ።

አሁን ባሕር ዳር ፕሮግራመር ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ ውሻ እያባረረኝ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ሲጀመር ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ እያደገ መወድስ ድረስ ይሄዳል። ቀን ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብተህ ትቆጥራለህ፣ ማለት ታዘጋጃለህ። ማታ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ትነግራለህ። የሚገርመው ሕጉ ነው። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ቢሰወር ይሻለዋል። አስቡት፣ ልመና በልቶ የሚያድር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር የሚጠበቅበት ተቋም ነው። እኔ አሁን የምሠራበት ቢሮ "የፈጠራ ሳምንት" የሚባል አለው፣ በዓመት አንዴ፣ ከነቲሸርቱ።

ደግሞ ስሕተቱ በአደባባይ ነው። የኔታ ሰምተው "ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም፣ ምን ለማለት ነው?" ይላሉ፣ አንተ ታፍራለህ፣ ከጎንህ ያሉት ይስቃሉ። ያን ማታ ግን አንተ ብቻ አይደለህም የታረምከው፣ የሰማው ሁሉ ነው። እኔ አንድ ማታ የተሰበረብኝን ቅኔ ዛሬም አልረሳሁትም፣ አብረውኝ የነበሩትም አልረሱትም፣ ስንገናኝ እየደገሙ ያበሽቁኛል። ካናል በር፣ የኤክሴልህ አራተኛ ኮለም ማለት እሱ ነው፣ ልዩነቱ ሰው በጆሮው ሲሰማው መሆኑ ነው።

ሌላው ደግሞ መልቀቅ ነው። ዋሸራ የተማረ ጎንጅ ይሄዳል፣ ዋድላ ይሻገራል፣ መንገዳቸው ስለሚለያይ የአንዱን ብቻ ይዞ መቅረት ጎደሎነት ነው። ማንም "ለምን ለቀቅህ" ብሎ አይቀየመውም። የሄደው ተማሪ ነው የአንዱን ቤት መንገድ ለሌላው ቤት የሚያደርሰው። አንተ "ሰው ሲለቅ" ብለህ ጠየቅህ። ሰው ሲገባስ? ከሌላ ፕሮጀክት የመጣ መሃንዲስ እናንተ ጋ ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ምን ትጠይቁታላችሁ? እኔ የማውቀው ቦታ ሁሉ የሚጠየቀው የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ጉርድ ፎቶ ነው።

ስለ እጅ እውቀት ደግሞ አንድ ታሪክ አለ፣ ስለ ዕውቀት አስተዳደር የጻፈው ጃፓናዊው ምሁር ኢኩጂሮ ኖናካ አዘውትሮ ይጠቅሰው የነበረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ማትሱሺታ የሚባለው ኩባንያ የቤት ዳቦ መጋገሪያ ማሽን ሊሠራ ፈልጎ ሊጡ እምቢ አለው። ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። የጋጋሪውን ሊጥና የማሽኑን ሊጥ በኤክስሬይ ሳይቀር አነጻጸሩት፣ ምንም ፍንጭ የለም። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ውስጥ በዳቦው የታወቀ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ተለማማጅ ሆነች። አንድ ቀን ሊጡን ሲስብ ትንሽ ጠምዘዝ እንደሚያደርገው አየች። ጋጋሪው ራሱ ይህን አላላትም፣ እጁ ነው ያለው። ከመሃንዲሶቹ ጋር ሆነው ማሽኑ ውስጥ ጉበጥ ጉበጥ ያሉ መስመሮች ጨመሩበት፣ ተሳካ።

ይህን ሳነብ እናቴን ነው ያስታወስኩት። እኅቴ አብሲቱ ላይ ስንት ጣሳ ውሃ ልጨምር ስትላት "እስኪበቃው" ነው መልሱ። እንጀራው ዓይን ካላወጣ ደግሞ ጥፋቱ የእኅቴ ነው። እኅቴ የተማረችው አጠገቧ ቆማ ሁለት ዓመት ስታቦካ ነው እንጂ "እስኪበቃው" የሚለውን ጽፋ አይደለም።


ካናል_በር

ዕጣነ ሞገር፣ አጥንቴ ድረስ ነው የገባኝ። ግን አንድ ነገር አለ። ቅኔ ቤት ደመወዝ የለም፣ እድገት የለም፣ ግምገማ የለም። እኛ ጋ "እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ" ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ሰኔ ላይ ውጤቱ ሲሞላ ያገኘዋል። ያ "ምንም ችግር አልገጠመኝም" ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ብልጥ ነው። ካናሉ ላይ ዋናው ሱፐርቫይዘር እሱ ነበር እኮ።

ጋሼ በረሃ ወራጅ፣ ቅጹ ላይ ስም አለመኖሩን እስክትነግሩኝ አላየሁትም። አፈርኩ።


ቡሬ_ሺፍት

እኔ ቡሬ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነኝ። (ሴት ነኝ፣ "ወንድሜ" እያላችሁ እንዳትጀምሩ።)

ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ያልሰማ ፋብሪካ የለም። አምስቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኛም ለጠፍን። መፍቻው ሁሉ በቅርጹ ተሥሎ ተሰቀለ፣ ወለሉ ቢጫ ቀለም ተቀባ፣ የልማት ቡድን ተባለ። ጎብኚ ሲመጣ ያምራል። ጎብኚ ሲሄድ መፍቻው ኪስ ውስጥ ነው። ሐሳቡን እያጣጣልኩ አይደለም፣ ጃፓኖቹ ጋ የሠራበት ምክንያት አለው። እኛ ግን ሰሌዳውን ወስደን ንግግሩን ተውነው።

የለወጠን አንድ ጉዳት ነው። የሌሊት ሺፍት ላይ አንድ ልጅ ማሽኑ እየቆመ ሲያስቸግረው ሴንሰሩን ባይፓስ አደረገው። ምርት እንዳይቀንስበት ነው፣ ክፋት የለውም። ጠዋት ሲያስረክብ ግን አልተናገረም፣ ምክንያቱም ሴንሰር መንካት ያስጠይቃል። ቀን ገብተን አስነሣነው፣ ማሽኑ ታንቆ መቆም የነበረበት ሰዓት አልቆመም፣ ሞተሩ ተቃጠለ። ሞተሩ አገር ውስጥ አልነበረም። ስንት ሳምንት እንደቆምን አልነግራችሁም፣ ያስለቅሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ እኛ ጋ ግን በሽታውን የሚያስደብቀው ራሱ ሐኪሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጥገና ኃላፊያችን፣ ሰውየው ጭቅጭቅ አይወድም፣ አንድ ነገር ደነገገ። ሺፍት ሲቀያየር አሥር ደቂቃ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ቢሮ ውስጥ አይደለም። ወጪው "ምን ነካሁ፣ ምን ጠረጠርኩ" የሚለውን ብቻ ይናገራል። እዚያ ቆሞ የተነገረ ነገር ግምገማ ላይ አይነሣም። ያልተነገረ ነገር ከተገኘ ግን ይነሣል። ሕጉ ይህችው ናት። መጀመሪያ ማንም አላመነውም። ሦስት ሳምንት ገደማ "ሁሉ ሰላም" ሲባል ሰነበተ። ከዚያ ኃላፊው ራሱ አንድ ጠዋት "እኔ ትናንት የገዛሁት ቤሪንግ ልኩ ተሳስቷል፣ ፋክቱሩን ሳላይ ፈረምኩ" ብሎ ተናገረ። ያን ቀን ነው በሩ የተከፈተው። አሁን እንዲያውም ዝም በሉ ማለት ጀምረናል፣ አሥሩ ደቂቃ ሃያ እየሆነ።

ካናል በር፣ ቅጹን ለሥራ አስኪያጅህ ስጣቸው። መጀመሪያ እሳቸው ይሙሉት። የራሳቸውን ስሕተት።


ቤንችማርክ

ሰርቬየር ነኝ፣ አጭር ነገር ልጨምር። በአገራችን የቆየው ካርታና ብዙው የድሮ ኮንትሮል ነጥብ አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለት የቦታ መለኪያ መነሻ፣ ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ደግሞ ሲገዛ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ስለዚህ አይናገረውም። የማያውቅ ደግሞ የማያውቀውን አይጠይቅም። የአንድ ተቋራጭ ልጅ ቦሮ ኤሪያውን፣ አፈር የሚወሰድበትን ቦታ፣ ሰው ጤፍ ማሳ ውስጥ ችካል ተክሎ ገበሬው በዱላ ሲያባርረው አይቻለሁ።

ናሳም ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የምትባለውን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 ያጣው በዚሁ ነው፣ አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን አስልቶ። ቁጥሩ ልክ አልመሰለንም ያሉ ሰዎች ነበሩ፣ ሥጋታቸው ግን በወጉ ተይዞ መልስ አላገኘም። እኔ አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ "በምን ዳተም ነው የምትሠራው?" ብዬ ስለምጀምር ጉረኛ ይሉኛል። ይበሉ።


ማምቡክ_መስመር

ጣና በለስ ላይ ሠርቻለሁ፣ በኋላም ጉባ ገብቻለሁ። በለስ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 460 ሜጋ ዋት፣ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ዋሻ የተቆፈረለት ነው፣ እኛ "አሁን የት እንሄዳለን" እያልን ነበር። በዓመቱ የሕዳሴው ተጀመረ። ከለመድነው ሰው ጋር ቻግኒ መስመር ላይ እንደገና ተገናኘን። "አንተ ያኔ ዋሻው ውስጥ ውሃ ሲመጣ ያን ነገር ያደረግኸው ልጅ አይደለህም?" ብሎ የሚያስታውስህ አለቃ ካለ ከባዶ አትጀምርም።

እኔ ያየሁት የእውቀት መጋዘን ይኸው ነው፣ ሰው ሰውን ማወቁ። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ አሥራ አራት ዓመት የሠራው ሰው አሁን በየቦታው ነው። አንዱ መተከል፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ። ስለዚህ ዳታቤዝ አትሥራ። አንድ ገጽ ሥራ። ማን ምን ያውቃል፣ ስልኩ ስንት ነው። ዋልካ ላይ ካናል፣ እገሌ። ጌት መግጠም፣ እገሌ። ግራውቲንግ (ስንጥቅን በሲሚንቶ መሙላት)፣ እገሌ። ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ስልክ ሲቀይሩ እንዲነግሩህ በዓመት ሁለቴ ደውል፣ ለዓውደ ዓመት እንኳን አደረሰህ በል። ሰው ሥራ ሲኖርህ ብቻ ስትደውልለት ያውቅብሃል።


ካናል_በር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅጹን ዛሬ ከግሩፑ አነሣሁት፣ ሦስት ሰው ላይክ አደረገው። ያኔ ሲለጠፍ ግን ላይክ ያደረገ አልነበረም።

አሁን የማስበው እንዲህ ነው። ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ፣ ስንጥቁ ሁሉ ሲታይ፣ ፎርማኑን አምጥቼ ካናሉን ከራሱ እስከ ጅራቱ በእግር ማስሄድ። አዲሶቹ መሃንዲሶች ይከተሉታል፣ አንዱ በስልክ ይቀርጸዋል። ነገሩ ሲጻፍም ከላይ የሱ ስም ይሆናል። ያን "ችግር አልገጠመኝም" ያለውንም ይዤው እሄዳለሁ፣ ግን መጀመሪያ እኔ የት እንደተሳሳትኩ እናገራለሁ። ቁፋሮው አሥራ ሁለት ቀን ሲቆይ ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ችግሩ ፋይናንስ ነው። "ሠራተኛችን ላልሆነ ሰው፣ ለወሬ፣ ውሎ አበል በየትኛው ኮድ ነው የምንከፍለው?" አሉኝ።


ርክክብ_ቀረ

አይተም ቁጥር ብዬህ ነበር። በኮንሰልታንሲ ኮድ አስገባው። እሱ የተናገረውን ሱፍ የለበሰ ሰው ቢናገረው ሦስት እጥፍ ነበር የምትከፍሉት፣ ማንም ኮድ አይጠይቅም።


በረሃ_ወራጅ

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ "ያን ጊዜም ሆኖ የለም እንዴ" ያሉት ዘበኛ፣ የአካባቢው ሰው ናቸው?


ካናል_በር

አዎ ጋሼ። እንዲያውም ፕሮጀክቱ ሳይመጣ በፊት በባህላዊው መስኖ የውሃ አባት ነበሩ፣ ውሃ የሚያከፋፍሉት፣ የተጣላውን የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ "እዚያ ማዞሪያው ጋ በነሐሴ ምንጭ ይፈልቃል፣ ድንጋዩን ከሥር ያነሣዋል" ብለውኝ ነበር። ቁፋሮው በበጋ ስለነበር ውሃ አላየንም፣ እኔም ረሳሁት። አሁን ሳስበው ክፉው ስንጥቅ ያለው እዚያው ማዞሪያው አካባቢ ነው።


በረሃ_ወራጅ

ምንጩ የሚታየው በነሐሴ ከሆነ ጥርን ምን ያስጠብቅሃል? ፎርማኑ ለስንጥቁ በጥር ይምጣ። ለምንጩ ግን አሁን ቦት ጫማህን አድርግና ከአባባ ጋር ውረድ።


ካናል_በር

እውነትዎን ነው። ደግሞ መስከረም ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ነገ ጠዋት ዝናቡ ካባራ።


በረሃ_ወራጅ

ባያባራም።